ከቀሐ ተነሥተው ባሕር ስለ ተሻገሩ ቤተ ሰቦችና የአያትን ስም ስለ መፈለግ

ከጎንደር ከተማ በስተምዕራብ ቀሐ የሚባል ወንዝ ይወርዳል። በስተምሥራቅ አንገረብ፥ በስተምዕራብ ቀሐ ከተማይቱን በሁለት ወገን ይዘዋት ይወርዱና ውሃቸው በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን በቈረቈሩ ጊዜ ለከተማቸው የመረጡት ይህን በሁለት ወንዝ መካከል ያለውን ስፍራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ አቈጣጠር በሆነ ጊዜ ለይተን እንናገራለን።) በቀሐ አጠገብ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር አለ። የድንጋዩን ቅጥር የትልልቅ ዛፎች ሥር ተጠምጥሞበታል፤ የጥምቀት በዓል ሲደርስም ውሃው ከቀሐ በቦይ ይገባበታል። ከወንዙ ማዶ ወደ ላይ ለተመለከተ ሰው እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ግቢ ይታየዋል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ተጓዥ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ የተቀመጠው በዚያ በቍስቋም ነበረ።

ተጓዥ ይመጣል፥ ያያል፥ ይጽፋል፥ ወደ አገሩም ይመለሳል። ነገር ግን ከብሩስ በኋላ ከመጡት የኤውሮፓ ሰዎች አንዳንዶቹ ከዚህ አገር ሚስት አግብተው፥ ልጅ ወልደው፥ ሹመት ተቀብለው እንደ አገሬው ሰው ኖረዋል። ልጆቻቸውም ኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደው በዚያው ቀርተዋል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች «እኛ የማን ዘር ነን?» ብለው በጠየቁ ጊዜ መልሱ ግማሹ በኤውሮፓ መዝገብ፥ ግማሹ በዚህ በቀሐና በአንገረብ አገር ይገኛል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው የእነዚህን ቤተ ሰቦች ታሪክና ከታሪካቸው ለየቤታችን የሚገኘውን ትምህርት ነው።

አስቀድመን ግን የአያትን ስም መፈለግ በሌላው አገር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ለዚህም ከእንግሊዝ አገር ወደ ካናዳ የተሰደዱት ሰዎች ነገር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት እጅግ ብዙ የእንግሊዝ ሰዎች መሬትና ሥራ ፍለጋ አትላንቲክ የተባለውን ውቅያኖስ ተሻግረው በካናዳ ተቀምጠዋል። ፈቅደው የሄዱ ብቻም አይደሉም። ከ1869 ጀምሮ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ድሆችና ወላጅ የሌላቸው ልጆች ከብሪታንያ ወደ ካናዳ ተልከው በገበሬ ቤት እንዲያገለግሉ ተደርገዋል። ከእነዚህም ልጆች ብዙዎቹ አድገው ትዳር ከያዙ በኋላ ያለፈውን ነገር ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ሞተዋል። ስለዚህ በካናዳ የተወለደው የልጅ ልጅ የአያቱን አገር ለማወቅ ከዜሮ መነሣት ግድ ይሆንበታል።

ይህም ፈላጊ መንገዱን የሚጀምረው ከሚታወቀው ነገር ነው። የአያቱን መቃብር ጽሕፈት ያነባል፤ የጋብቻውን ወረቀት ይመለከታል፤ በቤቱ የቆየ መጽሐፍ ቅዱስ ካለ ገልጦ ያያል፤ የእንግሊዝ ሰዎች የልጆቻቸውን ልደት በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ባዶ ገጽ ላይ የመጻፍ ልማድ ነበራቸውና። ከዚያ በኋላ የመርከቡን መዝገብ ይፈልጋል። ከ1865 ጀምሮ ወደ ኵቤክ ወደብ የገቡት ተሳፋሪዎች ስም በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ባለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከብሪታንያ ወደቦች የወጡትም ተሳፋሪዎች ከ1890 እስከ 1960 ያለው መዝገባቸው በሎንዶን አጠገብ በኪው ተጠብቆ አለ። መርከቡ ከተገኘ ባሕሩ ተሻገረ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገርም ሦስት ዓይነት መዝገብ ይጠብቀዋል። አንደኛው የሕዝብ ቈጠራ ነው፤ ከ1841 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ስም በየቤቱ ይዟል፤ በ1851 የተደረገው ቈጠራም ሰው የተወለደበትን አጥቢያና ከቤቱ ጌታ ጋራ ያለውን ዝምድና ጨምሮ ጽፏል። ሁለተኛው በ1837 ከሐምሌ ወር መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዝና በዌልስ የተጀመረው የልደት፥ የጋብቻና የሞት የመንግሥት መዝገብ ነው። ሦስተኛውም ከሁሉ የሚቀድመው የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ በ1538 በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛው ዘመን ቶማስ ክሮምዌል የተባለው ሹም እያንዳንዱ ቄስ ጥምቀቱን፥ ጋብቻውንና ቀብሩን እንዲጽፍ ስላዘዘ ተጀመረ። ወረቀትም ቢሆን ይጠፋል፤ በ1931 የተቈጠረው የእንግሊዝና የዌልስ ሕዝብ መዝገብ በ1942 በእሳት ተቃጥሏል። ቢሆንም ብዙው ተርፏል፤ የገበሬም የአንጥረኛም ልጅ የዘሩን ስም አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሊከታተል የቻለው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኛ ግን በፍርድ ቤት ጽሕፈት እንደምናገለግል ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ስም ብቻውን ሰውን አያስገኝም። በችሎት ምስክር ሲጠራ ስሙን ከነአባቱ፥ አገሩን ከነአጥቢያው ካልተጻፈ በአንድ ቀን ሦስት ኃይሌ ሊቀርብ ይችላል። በእንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው፤ ጆን የሚለው ስም በዚያ እንደ እኛ አገር ገብረ ማርያም የበዛ ነው። ሰውን የሚለየው ስሙ፥ አጥቢያው፥ ዘመኑና ቢያንስ የአንድ ዘመዱ ስም አብረው ሲገኙ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ፍለጋው ይሰናከላል።

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። በ1843 ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በስዌዝ ተገናኝተው የነጭ ዓባይን ምንጭ እንፈልጋለን ብለው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የሁለቱን ሰዎች ዘር ለመከታተል የሚነሣ ሰው ሁለት የተለያየ መንገድ ይገጥመዋል።

ፕላውደን ምንም እንግሊዛዊ ቢሆን የተወለደው በ1820 በህንድ አገር በካልካታ ነው። አባቱ በቤንጋል የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ሹም ነበረ። ስለዚህ የልደቱን ነገር በእንግሊዝ አጥቢያ መዝገብ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል፤ በህንድ የነበሩት እንግሊዛውያን ጥምቀታቸውና ቀብራቸው ወደ ሎንዶን እየተላከ በተለየ መዝገብ ይቀመጥ ነበረና ፍለጋው በዚያ በኩል መሆን አለበት። ደግሞም የፕላውደን የመካከል ስሙ ቺቼሊ ነበረ፤ አባቱም በዚሁ ስም ይጠራ ነበረ። በእንግሊዝ ቤቶች እንዲህ ያለ የመካከል ስም ብዙ ጊዜ ከሌላ ቤት የተወረሰ የዝምድና ምልክት ነው። ፈላጊው ይህን ክር ይዞ ሊጓዝ ይችላል። እንግዲህ ፕላውደን ስሙም ወገኑም የታወቀ ሰው ነው። በ1848 በኢትዮጵያ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንሲል ሆነ፤ በ1849 ከራስ ዓሊ ጋራ የንግድ ውል ተዋዋለ። በ1860 መጀመሪያ ላይ ወደ ምፅዋ ለመውረድ ሲጓዝ ከጎንደር አጠገብ የጋረድ ሽፍቶች አደጋ ጥለውበት ቈስሎ ተማረከ፤ ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቍስሉ ሳይድን በመጋቢት ወር አረፈ። ጽሑፎቹንም ወንድሙ ሰብስቦ በ1868 በሎንዶን አሳተመለት። የእርሱ ዘመድ የሆነ ሰው በማንኛውም አገር ቢኖር የሚይዘው ክር አያጣም።

የጆን ቤል ነገር ግን ሌላ ነው። ቤል መጀመሪያ ከራስ ዓሊ ዘንድ፥ ኋላም ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ሆኖ በታማኝነት አገለገለ። የአገሩን ቋንቋ ተናገረ፥ የአገሩን ልብስ ለበሰ፥ ከመኳንንት ወገን የሆነች ሚስት አገባ፥ ልጆችም ወለደ። ንጉሠ ነገሥቱም ሊቀ መኳስ አድርገው ሾሙት። ሊቀ መኳስ በጦርነት ጊዜ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላትን የሚያሳስትና ጦሩን በራሱ ላይ የሚቀበል ሹመት እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። በአገራችን ሰዎች ዘንድ ስሙ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በእንግሊዝ ወረቀት «ጆን ቤል» የሚለውና በኢትዮጵያ ታሪክ «ሊቀ መኳስ ዮሐንስ» የሚለው አንድ ሰው ነው። ይህን ያላወቀ ፈላጊ ሁለቱን መጻሕፍት አንብቦ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ይዘጋቸዋል። ቤል የተወለደውም የመንግሥት መዝገብ ከተጀመረበት ከ1837 በፊት ነው፤ ስለዚህ የሚፈለገው በአጥቢያ መዝገብ ነው፤ አጥቢያውን ካላወቁ ደግሞ ጆን ቤል የሚባሉት በእንግሊዝ አገር እጅግ ብዙ ናቸው።

ከቀሐ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በወገራ ደጋ አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞ ቍልቍለት ነው፤ በቀኝ በኩል የስሜን ተራሮች ይታያሉ። በደጋው ላይ የገብስ ማሳ፥ በማሳው ዳር የድንጋይ ካብ፥ በየኰረብታው አናት ላይ በዛፍ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ነፋሱ በቀትርም ቢሆን ይበርዳል፤ ጋቢ ያልያዘ መንገደኛ ይጸጸታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 የፕላውደንን ደም ለመመለስ ጋረድን የተከታተሉት በዚህ በሰሜኑ አገር ነው። በዚያ ጦርነት ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ንጉሡን ሲከላከል ተገደለ። ንጉሠ ነገሥቱም በጣም አዝነው በምርኮኞቹ ላይ ብርቱ ቅጣት ፈጸሙ። ሁለቱ ጓደኞች በስዌዝ በተገናኙ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሞቱ።

የሰውየው ዘር ግን አልጠፋም። ይህን ለማየት ደግሞ ከጎንደር ወደ ደቡብ ወርደን በደብረ ታቦር አጠገብ ወዳለችው ወደ ጋፋት መሄድ ያስፈልገናል። በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የኤውሮፓ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን አስቀምጠው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ነበረ። እርሱም የቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ ሌላይቱን የቤል ልጅም ካርል ዛልሙለር የተባለው ጓደኛው አገባ። የመቅደላ ጦርነት በሚያዝያ ወር 1868 ባለቀ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ ቀይ ባሕር ወርደው አገራችንን ለቀቁ። ዋልድማየር ከሚስቱ ጋራ በሊባኖስ ተቀመጠ፤ በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ በ1896ም በቤይሩት አጠገብ በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲመሠረት ያደረገው እርሱ ነው። እንግዲህ የሊቀ መኳስ ዮሐንስ የልጅ ልጆች እናታቸው የበጌምድርን አየር የተነፈሰች፥ አያታቸው እንግሊዛዊ፥ አባታቸው የስዊስ ሰው ሆኖ በሊባኖስ ተራራ ላይ አደጉ።

በጋፋት ከነበሩት ውስጥ ሌላው ሞሪትስ ሃል የተባለው መድፍ ሠሪ ነው፤ ትውልዱ ከፖላንድ ከክራካው ነበረ። ሚስቱም የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደር ልጅ ነበረች። ዛንደር አስቀድሞ በስሜኑ ገዥ በደጃዝማች ውቤ ዘንድ የኖረ ሰው ነው። የልጅቱም እናት የዚህ አገር ሰው ነበረች። ልጅቱ በኤውሮፓ ወረቀት ካታሪና ትባላለች፤ የክርስትና ስሟ ግን ወለተ ኢየሱስ ነበረ። ሃልና ወለተ ኢየሱስ ከመቅደላ በኋላ በፍልስጥኤም አገር በያፋ ተቀመጡ። ልጃቸው ማግዳሌና ባሮን ኡስቲኖቭ የተባለ የሩስያ መኰንን አገባች፤ ከእነርሱም በ1892 በያፋ ዮና የተባለ ልጅ ተወለደ። የዮናም ልጅ በ1921 በሎንዶን የተወለደው፥ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት የተቀበለው፥ በ2004 ያረፈው ስመ ጥሩ የቴአትርና የሲኒማ ተጫዋች ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። በእንግሊዝ መድረክ ላይ ያን ሰው አይተው ያጨበጨቡለት ብዙ ሺህ ሰዎች የአያቱ እናት ወለተ ኢየሱስ ተብላ የተጠመቀች የኢትዮጵያ ልጅ እንደ ነበረች አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእነዚህ ቤተ ሰቦች ታሪክ ውስጥ የመጻተኛው ወገን በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል። ዛንደር በየትኛው የጀርመን አገር እንደ ተወለደ፥ ዋልድማየር በየት እንደ ተማረ፥ ሃል ከየት እንደ መጣ ይታወቃል። የአገሬይቱ ሴት ግን አባቷ ማን እንደ ነበረ፥ አጥቢያዋ የትኛው እንደ ሆነ፥ ወንድሞቿ በየት እንደ ቀሩ ለማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። የገዛ አገሯ ሰው የሆነችው አያት ከሩቅ ከመጣው አያት ይልቅ ተሰውራለች። ምክንያቱም እርሷን የሚያውቋት ሰዎች በቃል ያውቋት ነበረ፤ እርሱን የሚያውቁት ደግሞ ጻፉት። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ እውነትነቱ ይታያል።

ይህን ስንል ግን አባቶቻችን ዘራቸውን አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም ከብዙ ሕዝብ ይልቅ ያውቁ ነበር። ከአያት እስከ ቅድመ አያት፥ ከዚያም እስከ ምንዥላትና እስከ እንጅላት መቍጠር የጨዋ ልጅ ትምህርት ነበረ። ለዚህም ሁለት ብርቱ ምክንያት ነበረ። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ትውልድ ይቈጠራል። ሁለተኛው ርስት ነበረ። በጎንደርና በጎጃም አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለ ነበረ ሰው ከመጀመሪያው የመሬቱ ባለቤት መወለዱን ቈጥሮ ካላስረዳ ድርሻውን አያገኝም ነበር። ስለዚህ በችሎት ፊት የቆመ ባለርስት የሴት አያቱን ስም እንደ ወንዱ አያት አጥብቆ ያውቅ ነበር፤ መሬቱ በእርሷ በኩል ሊመጣ ይችላልና። የመሬት ክርክር ብዙ ገንዘብ ያጠፋ፥ ብዙ ወንድማማች ያጣላ ነገር ቢሆንም የአያቶችን ስም ከመጥፋት ጠብቆ ያቆየ እርሱ ነው።

በ1975 የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ክርክር ቀረ። ከክርክሩ ጋራም ትውልድ የመቍጠር ሥራ ደመወዝ እንደ ተቋረጠበት አገልጋይ ሆነ። ሽማግሎቹ ዐረፉ፤ ልጆቹም ለምን እንደሚቈጥሩ ምክንያት አጡ። በሌላ በኩል ደግሞ የመንግሥት የልደትና የሞት መዝገብ በአገራችን በመላው የተጀመረው በ2016 ነው፤ የእንግሊዙ በተጀመረ በ179 ዓመቱ መሆኑ ነው። እንግዲህ የቃሉ ትምህርት ከደከመበት ጊዜ አንሥቶ የወረቀቱ ሥራ እስከ ተጀመረበት ጊዜ ድረስ አርባ ዓመት የሚያህል ባዶ ዘመን በመካከል አለ። በዚህ ባዶ ዘመን ውስጥ ነው እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከአገራቸው ወጥተው በውጭ አገር የተቀመጡት።

ከእነዚህም ብዙዎቹ በካናዳ፥ ይልቁንም በቶሮንቶ ከተማ ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ገበሬ ትናንት በሄደበት መንገድ ዛሬ የጎንደርና የወገራ ልጅ ሄዶበታል። የእነርሱም የልጅ ልጆች አንድ ቀን እንደ እንግሊዛዊው የልጅ ልጅ «ከየት ነን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በዚያን ጊዜ ግን ሦስት ወጥመድ ይጠብቃቸዋል።

አንደኛው ወጥመድ ስም ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት የቤት ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል፤ ሚስትም ብዙ ጊዜ የባሏን የቤት ስም ትይዛለች። በእኛ ሥርዓት ግን ሁለተኛው ስም የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱ ይለወጣል፥ ሴትም ብታገባ አትለውጠውም። በካናዳ መዝገብ ውስጥ የአባት ስም እንደ ቤት ስም ሆኖ ይጻፋል፤ ስለዚህ ተሰማ የተባለው ሰው የአንድ ሰው አባት ብቻ ሆኖ ሳለ ሳያስበው ለዘላለም የአንድ ቤት መጠሪያ ይሆናል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚፈልግ ሰው ከተሰማ ወዲያ ያሉት አባቶች ሁሉ ተሰማ ይባሉ ነበር ብሎ ያስባል፤ አንድም አያገኝም።

ሁለተኛው ወጥመድ ፊደል ነው። ፀሐይ የሚለው አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሓፊው ጆሮ አራትና አምስት ዓይነት ይሆናል። ወንድምና እኅት በተለያየ ዓመት በተለያየ ጽሕፈት ቤት ገብተው የአንዱን አባት ስም ለየብቻ አጻጻፍ ሊይዙት ይችላሉ። የግእዙ ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ካልተቀመጠ ዋናው ስም የትኛው እንደ ነበረ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛው ወጥመድ ዘመን ነው። የመቅደላ ጦርነት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1868፥ በእኛ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ነው። ቤል የሞተው ደግሞ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ነው። ሁለቱን አቈጣጠር ያልለየ ሰው ሊቀ መኳስ ዮሐንስና ዐፄ ቴዎድሮስ በአንድ ዓመት ሞቱ ብሎ ይጽፋል፤ በመካከሉ ግን ስምንት ዓመት አለ። በስደተኞችም ወረቀት ላይ ይህ ስሕተት ይደርሳል። የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተናገረ ሰው በኤውሮፓ አቈጣጠር እንደ ተናገረ ሆኖ ቢጻፍለት በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሸመግላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል ሰው ምክራችን አጭር ነው። የቤት ጌታ የሆነ ሁሉ፥ የቤት እመቤት የሆነች ሁሉ፥ አንድ ጥሩ ደብተር ገዝቶ ይጀምር። አባቶቻችን በዳዊታቸው ኅዳግ ላይ የልጅን ልደት ይጽፉ ነበር፤ እንግሊዛዊውም በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ይጽፍ ነበር፤ እንግዲህ ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። በደብተሩ ላይ የእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስሙና የክርስትና ስሙ ሁለቱም ይጻፍ፤ ካታሪናን ወለተ ኢየሱስ ናት የሚያሰኝ የክርስትና ስም ብቻ ነውና። የተወለደበትና የተጠመቀበት አጥቢያ ይጻፍ፤ ጎንደር ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከጎንደር የትኛው ደብር እንደ ሆነ ይነገር። ዘመኑ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ። ስሙ በግእዝ ፊደልና በውጭ አገር ወረቀቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ጐን ለጐን ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ የእናት ወገን ይጻፍ። የአባት ስም ከልጁ ስም ጋራ ስለሚጠራ በጥቂቱም ቢሆን ራሱን ይጠብቃል፤ የእናት ስም ግን ማንም ካልጻፈው የሚጠብቀው የለም። የእናት ስም ከነአባቷ፥ የአያት ስም ከነአባቷና ከነእናቷ፥ የመጡበትም አገር ይጻፍ። ይህም ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም፤ የሚያውቁት ሰዎች አርጅተዋል። በቤታችሁ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እመት ካሉ በመጪው እሑድ ከቡና በኋላ ወንበራችሁን አቅርባችሁ ጠይቋቸው። የሚናገሩትንም ሳታቋርጡ ጻፉ። አንዱን ስም ከሌላው ቢያደባልቁም ዝም ብላችሁ ጻፉ፤ በሌላ ቀን ደግማችሁ በመጠየቅና ከሌላ ዘመድ ቃል ጋራ በማስተያየት ይለያል። ምስክር የሚመረመረው እንዲህ ነው።

ደብተሩ በተጻፈ ጊዜ አንዱ ግልባጭ በቤት ይቀመጥ፤ ሌላው በውጭ አገር ላለው ልጅ ይላክ። ልጁ ዛሬ ባያነበው በሣጥኑ ያኖረዋል፤ ልጁ ባይፈልገው የልጁ ልጅ ይፈልገዋል። ያን ጊዜ የእናቱ አያት ማን እንደ ነበረች ለማወቅ የመርከብ መዝገብና የሩቅ አገር ቤተ መዛግብት ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ በገዛ አገሯ ፊደል፥ በገዛ ዘመዷ እጅ ተጽፋ ያገኛታል።